ምራቂ በግራም

በ2066 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር በሚገኘው ጉሊት፣ እትዬ ሶልያና ሀብቴ ገና የቆሎ ጆንያዋን አፍ ሳትፈታ ቁማርተኛ ሆና ተገኘች።

ዜናውን የነገራት ቆንጣሪው ነው። ቆንጣሪ የሚባለው ከእያንዳንዱ ሻጭ ፊት የተተከለው የካርድ ማንበቢያ ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሕዝቡ ግን ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ቆንጥሮ ሲያስቀር እያየ የራሱን ስም አወጣለት። ጠዋት ጠዋት ሻጩ ምንም ሳይዘረጋ ስሙንና የንግድ መደቡን ጮክ ብሎ ይጠራል። ለሶልያና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲላት የኖረው «ሶልያና ሀብቴ። መደብ ሃምሳ አራት። ደረቅ ምግብ። መልካም ገበያ» ነበር። እሷም እንደ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። የዚያን ዕለት ግን «ሶልያና ሀብቴ። መደብ ሰባ ዘጠኝ። የዕድል ጨዋታ። መልካም ገበያ» አለ።

«ምን አልከኝ አንተ?»

ደገመላት። ድምፁ ያው የድሮው ለስላሳ ድምፅ ነው።

በመደብ ሃምሳ አራት ከመቶ ብር ላይ የሚቆነጠረው አንድ ብር ከሃያ ሳንቲም ነው፤ የቀረውም በዚያው ቀን እጅ ይገባል። በመደብ ሰባ ዘጠኝ ግን ከመቶው አሥራ አንድ ብር ይሄዳል፣ ቀሪውም ሃያ አንድ ቀን ታግዶ ይቆያል። ገብስ የሚያመጣላት ነጋዴ ደግሞ ሃያ አንድ ቀን ቀርቶ ሁለት ቀን የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ይኼም ሳያንስ፣ መደብ ሰባ ዘጠኝ የሆነ ሰው ከትምህርት ቤት በሦስት መቶ ሜትር ውስጥ መነገድ አይፈቀድለትም። የጠባሴ ጉሊት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ቆንጣሪው ቦታዋን እንድትለቅ ሠላሳ ቀን ሰጣት።

በዚያ ዘመን መደብ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ተልኮ «ለመሆኑ ልጁ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚነገረው ዕድሜው ሳይሆን መደቡ ነው። የዕድር መዋጮም በመደብ ነው። ደንበኞቹን በጨዋታ እያሳቀ ጠጉር የሚቆርጥ አንድ ሰው «መዝናኛ» ተብሎ ተመድቦ፣ ይኸው ስድስት ዓመቱ አፉን ዘግቶ ይቆርጣል። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምትሸጥ ሴት ከነዳጅ ማደያ ጋር አንድ ላይ ተመድባለች፤ እሳት ማጥፊያ ግዢ ተብላ ገዝታ ጧፉን የምትደረድረው በሱ ላይ ነው።

ጉሊቱን ይበልጥ የለወጠው ግን ጸጥታው ነው። ዋጋ መከራከር «የዋጋ መዋዠቅ» ተብሎ መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ የሚከራከር ጠፋ። ገዢ በጣቱ ይጠቁማል፣ ሻጭ ይመዝናል፣ ካርድ ይነካል፣ ገዢ ይሄዳል። አርባ አንድ ሻጭ ያለበት ገበያ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው የተዘጋ ይመስላል። ልጆች ሆነው የጉሊቱን ጫጫታ ያውቁ የነበሩት ሁሉ ዛሬ አዛውንት ናቸው፤ እነሱም ለምደውታል።

የሶልያና ጥፋት ምራቂ ነው። ቆሎውን በስኒ ሰፍራ፣ ሚዛኑ ቁጥሩን ተናግሮ፣ ካርዱ ከተነካ በኋላ፣ እጇን ወደ ጆንያው ሰድዳ በወረቀቱ ላይ እፍኝ ትጨምራለች። እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር፣ የእናቷም እናት። ሌሎቹ ሻጮች ይኼን ነገር ከተዉት ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ ግን ነጠላዋን በቆንጣሪው ዓይን ላይ ጣል እያደረገች ቀጠለች። ባለፈው ክረምት ከበላይዋ ባለው ምሰሶ ላይ አዲስ ዓይን ተሰቀለ። ነጠላ ከፊት እንጂ ከላይ አይጋርድም።

በሦስተኛው ቀን መምህርት ቃልኪዳን መጣች። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ በየዕረፍቱ አንድ ስኒ ሽምብራ ሳትገዛ አትውልም። የዚያን ቀን ግን ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«እትዬ ሶልያና፣ ቁማርተኛ ተባልኩ እኮ!»

«ማን አለሽ?»

«ባንኩ ነዋ! ‹በተከታታይ ለዕድል ጨዋታ ከፍለዋል› ብሎ የቤት ብድሬ ላይ ወለድ ጨመረብኝ። በቆሎ! በሽምብራ ቆሎ!»

ሶልያና አንድ ስኒ ሰፍራ «በነፃ ውሰጂው» አለቻት። መምህርቷ ቀና ብላ ምሰሶውን አየችና እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ቀን በኋላ በማዶ በኩል አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሌሎችም እንደሷ ሆኑ። ሳምንቱ ሲያልቅ የሶልያና ጆንያ ከሞላበት ብዙም አልጎደለም። አዘነች፤ ከሐዘኗ ግን ንዴቷ በለጠ።

የመደብ ጽሕፈት ቤቱ ባለ ስምንት ፎቅ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ወረፋ ጠብቃ የገባችበት ክፍል ውስጥ ይርዳው የሚባል ወጣት ሠራተኛ ተቀምጧል። ትሑት ልጅ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት። ለጠብ ተዘጋጅታ ስለመጣች ትሕትናው ይበልጥ አናደዳት።

«ይኸው እናቴ፣ ራስዎ ይመልከቱት» ብሎ ግድግዳው ላይ የገዛ እጇን አሳያት።

ከላይ የተነሣ ምስል ነው። እጅ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ወረቀት ላይ ይዘረግፋል፤ ከሥሩ ቁጥር ይጻፋል። የአራት ወር እፍኝ በሙሉ እዚያ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበት እጅ የኪስ አውላቂ እጅ መስሎ ታያት።

«ይህችኛዋ» አለ ይርዳው፣ «ለአንድ ስኒ ከፍላ ሠላሳ አንድ ግራም ትርፍ ወሰደች። ለምንድነው?»

«እርጉዝ ናት። ቆሎ አምሯት ነው የመጣችው።»

«ይኼኛው ያንኑ ከፍሎ ሦስት ግራም።»

«እሱማ ቀምሶ ቀምሶ ነው የገዛው። ምራቂውን አስቀድሞ በአፉ ወስዷል።»

«እኚህኛዋስ? ዐርብ ዘጠኝ ግራም፣ ማክሰኞ አርባ።»

«ማክሰኞ ከቀብር መመለሷ ነበር።»

ይርዳው እስክርቢቶውን አነሣ። «ደንቡን ይንገሩኝና ልመዝግበው።»

«ደንብ የለውም።»

«እንግዲህ እናቴ፣ ክፍያው አንድ፣ የሚገኘው የተለያየ፣ ደንብ የለም። ይኼ በኛ ዘንድ ዕድል ነው የሚባለው።»

«የምን ዕድል! የምሰጠው እኔ! ዓይኔ አይቶ፣ ልቤ ፈቅዶ!»

ልጁ አልተቆጣም። እንዲያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ መላ አመጣላት። ምራቂውን ቋሚ ታድርገው፤ ለሁሉም እኩል አሥር ግራም። እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሃምሳ አራት ይመልሳታል። ሶልያና ገብስ ነጋዴውን አሰበች፣ የቤት ኪራዩን አሰበች፣ ከጉሊቱ ሌላ የምትውልበት ቦታ እንደሌላት አሰበች። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር።

«ከተመዘነማ ሸጥኩት እኮ ልጄ» አለች።

ይርዳው እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ላድርግ? አርባ አንድ ሻጭ ባለበት ገበያ አርባው አንድ ዓይነት ነው፤ ተለይተው የወጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። መደብ የሚወጣው ጎረቤት ከጎረቤት ተነጻጽሮ ነው። የተለየውን ባየ ጊዜ ያወጣል፤ የተለመደው የትኛው እንደሆነ ግን በየወሩ መጨረሻ እንደገና ያነጻጽራል። ክፉና ደግ አያውቅም።»

«ጎረቤት ከጎረቤት ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«በየወሩ መጨረሻ?»

«አዎ እናቴ።»

«ተባረክ። ገላገልከኝ።» ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ይርዳው ያሳመናት መስሎት ፈገግ አለና እስከ በሩ ሸኛት።

ጥቅምት ሊያልቅ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው። ሶልያና መጀመሪያ የሄደችው ከጎኗ ድንች ወደሚሸጠው ጋሽ ናሆም ነው። ጋሽ ናሆም ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከሰው ጋር የሚያወራው በግድ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ከሰባት ዓመት በፊት ዝናብ ሊመጣ ሲል ድንቹን በርካሽ ለመጨረስ ዋጋ ቀነሰና «ያልተረጋጋ ሻጭ» ተብሎ ዓመት ሙሉ ቆንጣሪው ተዘጋበት። የቤቱን ቆርቆሮ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር።

ሁሉም ምራቂ ቢሰጥ ምራቂ መስጠት የተለየ ነገር መሆኑ እንደሚቀር ነገረችው። እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ሞኝሽን ፈልጊ» አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ልትዪኝ ነው አይደል?»

«አንበሳማ ቢሆን እኔም እፈራው ነበር። ይኼ እኮ ሚዛን ነው ጋሽ ናሆም።»

«ሚዛኑ ነው ቤቴን ያፈረሰው።»

«ይሁን። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ይኼ ድንች የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! ጥያቄ ነው?»

«እስቲ አንድ ስጠኝ።»

ጋሽ ናሆም ሳያስብ እጁን ሰደደ፤ አንዷን ድንች አንሥቶም ነበር። ከዚያ ዓይኑ ወደ ምሰሶው ሄደና እጁ አየር ላይ ቀረ። ትልቅ ሰውዬ፣ በገዛ ድንቹ ፊት፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ቆሞ ቀረ። ፊቱ በኀፍረት ቀላ፣ ቀጥሎ በንዴት ጠቆረ።

«እንኪ!» ብሎ ጭኗ ላይ ወረወረላት። «እንኪ! ያ ዓይን ይይ! እስኪፈርጥ ድረስ ይይ!»

ቆንጣሪው ጮኸ። ጋሽ ናሆም ሁለተኛ ድንች ወረወረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የማሳመን ብቻ አልነበረም። ሰዉ አሰጣጡን ረስቶታል። ሽንኩርት ሻጯ ማክዳ የመጀመሪያዋን ምራቂ ስትሰጥ ሽንኩርቱ ከእጇ አምልጦ መሬት ላይ ተንከባለለ። ተቀባዩም የባሰ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ቤቷ ደርሳ ፌስታሏን ስትፈታ ያልከፈለችበት ካሮት አገኘችና እያለከለከች ተመልሳ «ተሳስታችሁ ነው፣ እኔ አልነካሁም፣ ካሜራው ይመስክር» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ሶልያና አቅፋ አረጋጋቻት። «የኔ ልጅ፣ ምራቂ ነው፤ ዝም ብለሽ ትወስጃለሽ፣ ካነሰሽም ጨምሩልኝ ትያለሽ።» ሴትየዋ ቃሉን በለሆሳስ ደገመችው። በማግስቱ መጥታ «ጨምሩልኝ» አለች፤ ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

ከአርባ አንዱ ዘጠኙ እምቢ አሉ። ሦስቱ አንድ ቀን ሞክረው ተመለሱ። የቀሩት ሃያ ዘጠኙ ግን ሶልያናን ጨምሮ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም መደብ ሰባ ዘጠኝ ሆኑ። ጠዋት ጉሊቱ ሲከፈት ቆንጣሪዎቹ በተራ «የዕድል ጨዋታ፣ የዕድል ጨዋታ» እያሉ ሲያስተጋቡ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት የትምህርት ቤት ልጆች ተቀብለው ይዘምሩት ጀመር። ገንዘብ ታገደ። ማክዳ አለቀሰች። ጋሽ ናሆም ሶልያና ፊት ቆሞ «ለሁለተኛ ጊዜ ቤቴን አስፈረስሽ! ሞኙ እኔ፣ ለቆሎ ብዬ!» ብሎ በገበያው መሐል ጮኸባት። ልክ ነው። ጮኾ ሲጨርስ ግን ቦታው ተቀመጠና ለቀጣዩ ገዢ ድንች ጨመረ።

አንድ ያላሰቡት ነገር ረዳቸው። ከሃያ ዘጠኝ ቁማር ቤት ሽንኩርትና ድንች የሚገዛ ከተማ ሁሉ ቁማርተኛ ሆነ። የባንኩ ማስጠንቀቂያ ለቄሱም ደረሰ፣ ለዳኛዋም ደረሰ። ሁሉም ሰው ያለበት ነገር ደግሞ አያሳፍርም። በጥቅምት ሃያ ስድስት መምህርት ቃልኪዳን ከነጠመኔዋ መጥታ ካርዷን አወጣች።

«ዛሬ ቁማር ልጫወት ነው የመጣሁት፤ በሽምብራ በኩል» አለች።

ሶልያና ሁለት እፍኝ ጨመረችላት። ማንም ልብ ሳይለው ጉሊቱ ድምፅ አውጥቶ ነበር። «ጨምሪ እንጂ!» «አይ ያንተ እጅ!» «ለትናንቱ ነው ወይስ ለዛሬው?» ይባባላሉ። ከሩቅ ለሚሰማው ገበያ ይመስላል።

ኅዳር አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሻጩ ሁሉ ዕቃውን ሳይፈታ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። ዛሬ ካልተቀየረ ሃያ ዘጠኙም ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይነሣሉ፤ ሶልያና የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው። ቆንጣሪዋ ተሰማ።

«ሶልያና ሀብቴ። መደብ ሃምሳ አራት። ደረቅ ምግብ ከነምራቂው። መልካም ገበያ።»

ማክዳ እልል አለች። ቆንጣሪዎቹ ተራ በተራ ስም እየጠሩ «ከነምራቂው፣ ከነምራቂው» አሉ፤ እልልታው ከአጥሩ ወዲያ ተሻገረ። ጋሽ ናሆም ዘወር ብሎ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና «አቧራው» አለ። ሶልያና የሣቀችው ሣቅ ከልጅነቷ ወዲህ ያልሣቀችው ነው።

ቆንጣሪው ግን አልጨረሰም ነበር። ጫጫታው በረድ ሲል ያው ለስላሳ ድምፅ ቀጠለ።

«የአካባቢው አማካይ ምራቂ፣ አሥራ አራት ግራም። ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚሰጠው ከዚህ ቢያንስ ጉድለት ሆኖ ይመዘገባል። ሦስት ጉድለት የመደብ ለውጥ ያስከትላል።»

መጀመሪያ የተናገረው ጋሽ ናሆም ነው።

«እሺ» አለ። «አሥራ አራት ግራም ነው፤ ሞት አይደለም። እንስጠውና እንኑር። ሶልያና፣ በቃ፣ አሸነፍሽ።»

ሌሎቹም አዩዋት። ደክሟቸዋል፣ ያለፉትን ቀናት በብድርና በባዶ ሆድ ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። እሷም ደክሟታል። ራሷን ነቅንቃ ጆንያዋን ፈታች።

የዕለቱ የመጀመሪያ ገዢ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። ሰላምታ ሳይሰጥ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ቆሎው ውስጥ ነከረ፣ ቆረጠመ፣ ገለባውን ምንጣፏ ላይ እንትፍ አለ። «ያረረ ነው» አለ። እንደገና ቆንጥሮ ቆረጠመ። ከዚያ «አንድ ስኒ» ብሎ ካርዱን ነካ።

ሶልያና ስኒውን ሰፍራ ወረቀቱ ላይ ገለበጠች።

ሰውየው መዳፉን ዘረጋ። «ምራቂዬስ? አሥራ አራት ግራም ነው፤ አሁን ሰምቻለሁ። ይገባኛል።»

ሶልያና እጇን ጆንያው ውስጥ ከተተች። ገብሱ ገና ትኩስ ነው። ጋሽ ናሆም ከጎኗ «ስጪው፣ ስጪው በናትሽ» ሲል ይሰማታል። አሥራ አራት ግራም ስንት እንደሆነ እጇ ያውቀዋል፤ ከእፍኟ ግማሽ አይሞላም። ሰውየው መዳፉን ወደ ፊቷ አስጠጋው።

እጇን ባዶውን አወጣች። ከስኒው አፋፍ ተርፎ ወረቀቱ ዳር የወደቀ አንድ ፍሬ ገብስ ነበር፤ እሱን በሁለት ጣቷ ለቅማ ወደ ጆንያው መለሰችና ወረቀቱን ጠቅልላ ሰጠችው።

«ይኸው የከፈልክበት። ሂድ።»

«ጉድለት አንድ» አለ ቆንጣሪው።

«እንደፈለግህ ጻፍ!» አለችው። ድምፅዋ እስከ ጉሊቱ ዳር ተሰማ። «የኔ ቆሎ ነው። ስፈልግ እሰጣለሁ፣ ሳልፈልግ አልሰጥም። ተረኛ!»

ካፖርት ለባሹ እያጉረመረመ ወደ ጎን ዞረና ጋሽ ናሆም ፊት ቆመ። አንድ ኪሎ ድንች ገዛ። ካርዱን ነካ። መዳፉን ዘረጋ። ጋሽ ናሆም አንዲት ድንች አንሥቶ ይዟል። ድንቿን አየ፣ መዳፉን አየ፣ ምሰሶውን አየ፣ በመጨረሻ ሶልያናን አየ። ከዚያ ድንቿን ከክምሩ ላይ በቀስታ መለሳትና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ጉድለት አንድ» አለ የሱም ቆንጣሪ።

«ተረኛ!» አለ ጋሽ ናሆም።